ስም የሌለው ጥምዝ፦ የስፕላይን ሂሳብ ከመርከብ መሥሪያ ቆጥ እስከ ኮምፒዩተር ንድፍ

ቀጥታ መስመርና ክብ ከጥንት ጀምሮ በማስመሪያና በኮምፓስ ሲነደፉ የኖሩ፣ በየትምህርት ቤቱም በቅድሚያ የሚሰጡ ቅርጾች ናቸው። ይሁን እንጂ የመርከብ ጎን፣ የአውሮፕላን ክንፍ ወይም የመኪና ኮፈን ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱም አይገለጽም። ኮፈኑን በመዳፉ የሚዳብስ ሰው እጁ የት ላይ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ጎባጣው እንደ ገባ ለይቶ ሊናገር አይችልም። ይህን ዓይነቱን ስም የሌለው ለስላሳ ገጽ ሂሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ለእጅ ጥበብ ትቶት ከቆየ በኋላ፣ በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ በቁጥር ለመግለጽ ተቻለ። የዚህ ሥራ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ትኩረት የሚያሻው ስለ መኪና ስለሚናገር አይደለም። በመካከሉ የሚገኘው ዋናው ሐሳብ በማባዛትና በመደመር ብቻ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ በመደበቁ ምክንያት ሁለት ጊዜ መገኘት ስላስፈለገው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንጨቱ ዘንግና የእርሳሱ ክብደት

በአውሮፓ የመርከብ መሥሪያ ቦታዎች ከግንባታው አዳራሽ በላይ ሰፊ የቆጥ ወለል ይገኝ ነበር። የመርከቡ አካል መስመሮች በሙሉ ልካቸው የሚነደፉት በዚህ ወለል ላይ ነው። ነዳፊው መስመሩ ሊያልፍባቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከለካ በኋላ፣ ቀጭንና ተጣጣፊ የእንጨት ዘንግ በነጥቦቹ ላይ አሳልፎ ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ክብደቶች ያስይዘዋል። ከዚያም ጐንበስ ብሎ በአንድ ዐይኑ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታል፤ የሚያስቀይም ጉብታ ያየ እንደ ሆነ አንዱን ክብደት ጥቂት ፈቀቅ በማድረግ ያስተካክላል። እንግሊዞች ዘንጉን ስፕላይን ብለው ሲጠሩት፣ ክብደቱን ከመልኩ የተነሣ ዳክዬ ይሉታል።

ዘንጉ መልካም መስመር የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ታጥፎ የተያዘ እንጨት ወደ ቀጥተኛነቱ ለመመለስ ስለሚታገል፣ በክብደቶቹ በኩል ከሚያልፉት መንገዶች ሁሉ ትንሹን የመጉበጥ ጉልበት የሚጠይቀውን ይይዛል። የጉብጠቱም መጠን ከአንዱ ክብደት እስከ ቀጣዩ ድረስ በእኩል እርምጃ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በድንገት አይዘልም። ይህ በሂሳብ ቋንቋ ሲገለጽ፣ ዘንጉ እጅግ እስካልታጠፈ ድረስ፣ በየሁለት ክብደቶች መካከል ያለው መስመር የሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ነው ማለት ነው። ክብደቱ ባረፈበት ቦታም ሁለቱ ቁራጮች በአቅጣጫም በጉብጠትም ተስማምተው ይጋጠማሉ። አናጢው እኩልዮሹን ባያውቀውም እንጨቱ ይፈታለት ነበር።

የዚህ አሠራር ጉድለት በሌላ በኩል ይታያል። በወለል ላይ የተነደፈ መስመር ወደ ሌላ ከተማ በፖስታ አይላክም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ክፍሎች በተለያዩ ቦታዎች ተሠርተው በአንድ ቦታ መገጣጠም ሲኖርባቸው ይህ ጉድለት ከባድ ችግር ሆነ። በአሜሪካ በኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሮይ ላይሚንግ፣ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የታወቁትን የኮን ቁራጮች በመጠቀም የአውሮፕላን አካል መስመሮችን በስሌት የሚሰጥ ዘዴ አዘጋጁ። ዘዴው ሙስታንግ በተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ ላይ የዋለ ሲሆን፣ መጽሐፋቸው በ1944 ታትሟል። ከዚያ ወዲያ ቅርጹ በቁጥር ሠንጠረዥ ሊላክ ቻለ።

በዚያው ጦርነት በሜሪላንድ ግዛት በአበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተኛ ጣቢያ ያገለገሉት፣ ትውልዳቸው ከሩማንያ የሆነው የሂሳብ ሊቅ አይዛክ ሾንበርግ፣ የመድፍ ጥይት ጉዞን ለማስላት ከሙከራ የተገኙ ሻካራ የቁጥር ሠንጠረዦችን ማለስለስ ነበረባቸው። በ1946 ባሳተሙት ጥናት ቁራጭ በቁራጭ የተገጣጠሙ ፖሊኖሚያሎችን ሲያቀርቡ ስማቸውን ከመርከብ ሠሪዎቹ ዘንግ ወስደው ስፕላይን አሏቸው። የሙያ ቃል በዚህ መንገድ ወደ ሂሳብ መጽሐፍ ገባ። ሆኖም ጥናቱ ለጊዜው ከሂሳብ ሊቃውንት ክበብ አልወጣም፤ ብዙ ማስላትን የሚጠይቅ በመሆኑም ኮምፒዩተር እስኪስፋፋ ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

በሴን ወንዝ ዳር የነበሩ ሁለት ፋብሪካዎች

በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ አዲስ መኪና ከሰዓሊው ወረቀት ተነሥቶ ፋብሪካ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፍ ነበር። ሰዓሊው ይሥላል፤ ቀራጩ በትንሹ በጭቃ ይሠራል፤ ነዳፊው በሙሉ ልክ ይነድፋል፤ ሞዴል ሠሪው ንድፉን አይቶ በእንጨትና በጄሶ ዋናውን ሞዴል ያቆማል፤ ቆርቆሮው የሚታተምበት የብረት ቅርጽም ከዚህ ሞዴል እየተቀዳ በፍሬዛ ይቀረጻል። በየደረጃው ጥቂት ልዩነት ስለሚገባ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው አልገጥም ባሉ ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በክፍሎቹ መካከል ማለቂያ የሌለው ክርክር ይነሣል። የመጨረሻው ዳኛ ንድፉ ሳይሆን ዋናው ሞዴል ነበር። እንጨት ደግሞ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ልኩን ይለውጣል።

ፓሪስ ውስጥ በዣቬል ይገኝ የነበረው የሲትሮኤን ፋብሪካና በአቅራቢያዋ በቡሎኝ ቢያንኩር ይገኝ የነበረው የሬኖ ፋብሪካ ሁለቱም በሴን ወንዝ ዳር፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት የቆሙ ነበሩ። ሁለቱም ይህን ችግር ያውቁታል።

በ1958 ሲትሮኤን በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የተማሩትን የ28 ዓመት ወጣት የሂሳብ ሊቅ ፖል ደ ካስቴልዦን ቀጠረ። የተሰጣቸው ሥራ የመኪና አካል ቅርጽ በቁጥር የሚገለጽበትን መንገድ መፈለግ ነበር። በሙያው ያረጁት ነዳፊዎች ሐሳቡን እንደ ቀልድ ቆጠሩት፤ መኪና ለዐይን ካማረ ይበቃዋልና እኩልዮሽ ምን ያደርግለታል ባዮች ነበሩ። ደ ካስቴልዦ ግን ሳይዘገዩ በ1959 ከጥቂት መሪ ነጥቦች ተነሥቶ ለስላሳ ጥምዝ የሚያወጣ ስሌት በጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ እንደ ኩባንያው ምስጢር ተመዝግቦ ተቆለፈበት።

በሬኖ በኩል የነበሩት ፒየር ቤዚዬ የሂሳብ ሊቅ ሳይሆኑ የማሽን መሐንዲስ ነበሩ። በ1910 ተወልደው ከ1933 ጀምሮ በዚያው ፋብሪካ ያገለገሉ፣ የማምረቻ መሣሪያን ጠባይ በሚገባ የሚያውቁ ሰው ሲሆኑ፣ በ1960 ገደማ ወደዚህ ጥያቄ ሲዞሩ ዕድሜያቸው ሃምሳ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያ ሐሳባቸውም የመሐንዲስ ሐሳብ ነው። ጥምዙን በአንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አድርገው አሰቡት፤ ሳጥኑ ሲሳብ፣ ሲዘም ወይም ሲጠብ በውስጡ ያለው ጥምዝ አብሮት ይሳባል፣ ይዘማል፣ ይጠብባል። ነዳፊው እንግዲህ ጥምዙን ሳይነካ ሳጥኑን ብቻ በማንቀሳቀስ የፈለገውን መልክ ያገኛል። ቆየት ብሎ ሳጥኑ በተከታታይ ቀስቶች፣ ጥምዙም በፖሊኖሚያል ተተካ። ዩኒሰርፍ የተባለው ሥርዓታቸው በ1968 በሬኖ ሥራ ላይ ዋለ።

የሁለቱ ሰዎች ዓላማ በመጠኑ ይለያል። የደ ካስቴልዦ ሥራ በይበልጥ ያነጣጠረው አስቀድሞ የተሠራን ቅርጽ ወደ ቁጥር በመመለስ ላይ ነበር፤ ቤዚዬ ደግሞ ሰዓሊውና ነዳፊው ራሳቸው በማሽኑ ፊት ተቀምጠው አዲስ ቅርጽ እንዲያወጡ ፈለጉ። ስለዚህም ሥርዓቱ ከፍተኛ ሂሳብ ያልተማረ የሙያ ሰው የሚገለገልበት መሆን እንዳለበት አጥብቀው ያዙ። መሣሪያውን ሲያቅዱ የተጠቃሚውን የትምህርት ደረጃ አስቀድመው ማሰባቸው በቴክኒክ ሙያ ትምህርት ዕቅድ ላይ ለሚሠሩ ሁሉ ሊጤን የሚገባው ነው። ይሁንና ሁለቱ መንገዶች የደረሱት ወደ አንድ ጥምዝ ነው።

በሦስት ነጥብ የሚሠራ ስሌት

የደ ካስቴልዦ ስሌት በመካከለኛ ደረጃ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ ይችላል። በካሬ ወረቀት ላይ ሦስት ነጥቦች ይወሰዱ፦ ሀ በ(0, 0)፣ ለ በ(4, 8)፣ ሐ በ(8, 0)። ጥምዙ ከሀ ተነሥቶ ሐ ላይ ያበቃል፤ ለ ግን መሪ ብቻ ስለ ሆነ ጥምዙ ወደ እርሱ ይሳባል እንጂ አይደርስበትም።

በመጀመሪያ ከሀ ወደ ለ የሚወስደው መንገድ እኩሌታ ይፈለጋል፤ ይኸውም (2, 4) ነው። ከለ ወደ ሐ የሚወስደው መንገድ እኩሌታ ደግሞ (6, 4) ነው። የእነዚህ የሁለቱ አዲስ ነጥቦች እኩሌታ (4, 4) ሲሆን፣ ይህ ነጥብ በጥምዙ ላይ ይገኛል። በእኩሌታ ፋንታ ሩብ የተወሰደ እንደ ሆነ በመጀመሪያው መስመር (1, 2)፣ በሁለተኛው (5, 6) ይገኛሉ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድ ሩብ (2, 3) ይሆናል። ሦስት አራተኛ ሲወሰድም በተመሳሳይ መንገድ (6, 3) ይገኛል። እንግዲህ (0, 0)፣ (2, 3)፣ (4, 4)፣ (6, 3) እና (8, 0) በእጅ ሲገናኙ ተማሪው የሚያገኘው የታወቀውን ፓራቦላ ነው። መሪው ነጥብ ለ ወደ (4, 12) ከፍ ቢል፣ መካከለኛው ነጥብ ወደ (4, 6) ይወጣል፤ ጫፎቹ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም።

አራት መሪ ነጥቦች ሲወሰዱ ሥራው ያው ሆኖ አንድ ደረጃ ይጨመርበታል፤ አንድ ነጥብ ለማግኘትም ስድስት ጊዜ ማካፈል ይበቃል። የሚገኘው የሦስተኛ ዲግሪ ጥምዝ ሲሆን፣ እንደ ፓራቦላው በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን እንደ እባብ በሁለት ወገን ሊታጠፍ ይችላል። ጥምዙ ከመነሻው የሚወጣው ወደ ሁለተኛው መሪ ነጥብ አቅጣጫ፣ ወደ መጨረሻው የሚገባውም ከሦስተኛው መሪ ነጥብ አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ ነዳፊው እኩልዮሹን ሳያይ ውጤቱን አስቀድሞ ይገምታል። የስሌቱ ፖሊኖሚያሎች አዲስ አልነበሩም፤ ሰርጌይ በርንሽታይን በ1912 ለሌላ የሂሳብ ጥያቄ ማረጋገጫ አቅርበዋቸው ነበር። በሰዓሊ እጅ መሣሪያ ይሆናሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

የተቆለፈው መዝገብ

ቤዚዬ ከ1966 ጀምሮ ሥራቸውን በሙያ መጽሔት ላይ ማውጣት ጀመሩ። ከ1968 እስከ 1979ም በፓሪስ በብሔራዊ የጥበብና የሙያ ኮንሰርቫቶር ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ። መጽሐፋቸውን በ1972 ወደ እንግሊዝኛ የተረጐሙት በካምብሪጅ ይመራመሩ የነበሩት ፎረስት፣ ጥምዞቹ ከበርንሽታይን ፖሊኖሚያሎች ጋር አንድ መሆናቸውን በዚያው ዓመት አሳዩ። ከዚያ በኋላ የቤዚዬ ጥምዝ የሚለው ስም በየአገሩ ተስፋፋ።

ደ ካስቴልዦ በዚህ ጊዜ ሁሉ በሲትሮኤን ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ጽሑፋቸው ግን ከፋብሪካው አጥር ውጭ አልታወቀም። በ1970ዎቹ ዓመታት ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ቮልፍጋንግ በም የድሮዎቹን ሪፖርቶች አግኝተው ከላይ የተገለጸውን ስሌት በደ ካስቴልዦ ስም እስኪጠሩት ድረስ፣ ጥምዙ አስቀድሞ ሌላ ስም ይዞ ነበር። የዛሬ ተማሪም የቤዚዬን ጥምዝ በደ ካስቴልዦ ስሌት ይሠራል፤ አንዱ ነገር ሁለት ስም የያዘው በዚህ የተነሣ ነው። ቤዚዬ ራሳቸው በኋላ በጻፉት ማስታወሻ ሲትሮኤን በፈረንሳይ አገር ቀዳሚ እንደ ነበረ በግልጽ መስክረዋል፤ ባልደረባቸው የሚገባቸውን ክብር በከፊል ያጡት በኩባንያው የምስጢር ደንብ ምክንያት መሆኑንም አልሸሸጉም። እንዲህ ያለ ምስክርነት በተወዳዳሪዎች መካከል አዘውትሮ የሚገኝ አይደለም። ቤዚዬ በ1999 ዐረፉ፤ በስማቸው የተሰየመው ሽልማት በ2012 ለደ ካስቴልዦ ተሰጠ። እርሳቸውም በ2022 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለፈረንሳይ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በአሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት በሜዚየር የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ያስተማሩት ጋስፓር ሞንዥ፣ ጠጣር አካልን በሁለት ወረቀታዊ ዕይታዎች የሚገልጸውን የንድፍ ጂኦሜትሪ ሲያገኙ፣ ዘዴው ለምሽግ ሥራ የሚጠቅም በመሆኑ ለብዙ ዓመታት የጦር ምስጢር ሆኖ ተጠብቆ ነበር። በ1795 በአዲሱ የመምህራን ትምህርት ቤት በአደባባይ እንዲያስተምሩት ከተፈቀደ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ የቴክኒክ ትምህርት መሠረት ሆነ። ከፊትና ከላይ የታየ ዕቃ ለመንደፍ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚደክም ተማሪ ሁሉ የዚያ ትምህርት ወራሽ ነው።

የኩባንያዎቹን ወገን ፈጽሞ አለማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለምርምሩ ደመወዝ የከፈለው ኩባንያ ነው፤ ተወዳዳሪው በነጻ እንዳይጠቀምበት መስጋቱም ይገባል። ነገር ግን ሬኖ የሆነውን ቢያሳትም ከገበያ አልወጣም፤ ሲትሮኤንም ቢደብቅ ጥምዙን ብቻውን ሊይዘው አልቻለም፤ ጎረቤቱ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ በራሱ መንገድ ጀምሮታልና። ተደብቆ የቀረው የሰውየው ስም ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባ ሌላ አጋጣሚ አለ። በጄነራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ከጋሬት በርኮፍ ጋር በስፕላይን ላይ የሠሩት ካርል ደ ቦር በአሜሪካ፣ ኮክስ የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ፣ ስፕላይኖችን ያለ ስሕተት ክምችት የሚያሰላ አንድ ዓይነት ዘዴ በየፊናቸው አግኝተው ሁለቱም በ1972 አሳተሙት። ዘዴው የኮክስና የደ ቦር ተብሎ በሁለቱም ስም ይጠራል። ሪፖርት ከመዝገብ ቤት ፈልጎ የሚያወጣ ሰው አላስፈለገም።

ከጥምዝ ወደ ገጽ

አንድ የቤዚዬ ጥምዝ ረዥም መስመርን ብቻውን ሊይዝ አይችልም። መሪ ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር የፖሊኖሚያሉ ዲግሪ ይጨምራል፤ በአንዱ ጫፍ ያለ ነጥብ ሲነካም ጥምዙ እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ይንቀሳቀሳል። የፊቱን መብራት ዙሪያ ለማስተካከል የተነሣ ነዳፊ የኋላውን መስተዋት ሳያስበው ይለውጣል ማለት ነው። መፍትሔው የሾንበርግ ስፕላይን ነበር፤ ሪዘንፌልድ በ1973 በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህን የሂሳብ ስፕላይን ከቤዚዬ የአሠራር መንፈስ ጋር አዋሐዱት። በዚህ ዘዴ መስመሩ ከብዙ የሦስተኛ ዲግሪ ቁራጮች ይገጣጠማል፤ አንድ መሪ ነጥብ ሲነቃነቅ ቢበዛ አራት ቁራጮች ብቻ ይለወጣሉ፤ የተቀረው እንዳለ ይቆያል። በቆጡ ወለል ላይ ክብደቱን ጥቂት ፈቀቅ ያደርግ የነበረው አናጢ የሚያውቀው ዓይነት ሥራ በቁጥር ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ከእንጨቱ ይሻላል፤ በእንጨቱ ላይ የአንዱ ክብደት መነቃነቅ፣ እየቀነሰም ቢሆን፣ እስከ ጫፍ ይሰማልና።

ጥምዝ ወደ ገጽ የሚለወጠው በዚያው ስሌት ነው። አሥራ ስድስት መሪ ነጥቦች እንደ መረብ አራት በአራት ሆነው ይደረደራሉ። በአራቱ ረድፎች ላይ ስሌቱ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የተገኙት አራት ነጥቦች ደግሞ የአንድ አዲስ ጥምዝ መሪዎች ሆነው ስሌቱ ለአምስተኛ ጊዜ ይደገማል፤ በድምሩ 30 ጊዜ ማካፈል አንድ የገጽ ነጥብ ያስገኛል። የአንድ መኪና አካል በብዙ እንዲህ ባሉ ቁራጮች ይለበጣል። በአሜሪካ በቦይንግ ጄምስ ፈርጉሰን በ1964፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቨን ኩንስ በ1967 ያሳተሟቸው ዘዴዎች ከዚህ በመነሻቸው ቢለዩም የሚሹት ይህንኑ ነው። የኩንስ ዘዴ በአራት ወሰን ጥምዞች የታጠረን ቦታ በገጽ ይሞላል።

ቁራጮቹ ጠርዝ ለጠርዝ መግጠማቸው ብቻ አይበቃም። አቅጣጫቸው ቢስማማና ጉብጠታቸው ቢለያይ መዳፍ ምንም አያገኝ ይሆናል፤ ዐይን ግን ያገኘዋል። በተወለወለ ቀለም ላይ የሚንጸባረቀው የመብራት መስመር በመጋጠሚያው ላይ ድንገት ይታጠፋልና። መኪና ሠሪዎች በአዳራሽ ውስጥ ረዣዥም መብራቶችን ደርድረው የተጠናቀቀውን አካል የሚመረምሩት ለዚህ ነው። አናጢው በአንድ ዐይኑ ያይ የነበረውም ያው ጉብጠት ነበር።

የቀረው አንድ ጉድለት ክብን ይመለከታል። ፖሊኖሚያል ክብን አጥርቶ ሊሠራ አይችልም። የክብ ሩብ በአራት መሪ ነጥቦች በተሠራ የቤዚዬ ጥምዝ ሲተካ ስሕተቱ ከራዲየሱ ከ10,000 እጅ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ለዐይን ከበቂ በላይ ነው። ለማሽን ዘንግ ቀዳዳ ግን ክቡ ክብ መሆን ይኖርበታል። ቨርስፕሪል በዚያው በሲራኪዩስ በ1975 ያጠናቀቁት ጥናት ለእያንዳንዱ መሪ ነጥብ ክብደት በመስጠትና ፖሊኖሚያልን በፖሊኖሚያል በማካፈል ክብንም፣ የላይሚንግን የኮን ቁራጮችም፣ ስም የሌለውንም ጥምዝ በአንድ እኩልዮሽ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በኋላ የተስፋፉት የኮምፒዩተር ንድፍ ሥርዓቶች በብዛት የሚገለገሉት በዚህ ነው።

የፊደል ቀራጮች ግን እስከዚያ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በ1984 የወጣው ፖስትስክሪፕት የተባለው የኅትመት ቋንቋ የፊደላትን ዳር በሦስተኛ ዲግሪ የቤዚዬ ጥምዝ ይነድፋል፤ ሌሎችም የፊደል ሥርዓቶች የዚህኑ ወገን ጥምዞች ተቀብለዋል። በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያገኘው የግዕዝ ፊደልም የሚታተመው በዚሁ መንገድ ነው። የዐይኑ «ዐ» የውጭ ዳር በዚህ ዓይነት ሲነደፍ አራት ሩቦች ሆኖ፣ ጫፎቹን እየተጋራ፣ በ12 መሪ ነጥቦች ሊቀመጥ ይችላል፤ ሲታተም ክብ ይመስላል፤ በሂሳብ ግን ለጥቂት ክብ ያልሆነ ነው።